ከሊዮን የተላኩ ሽማግሌዎች

ሊዮን፣ ጥቅምት 12 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ጉተማ ፈየራ
አቃቂ ባቡር ጣቢያ

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ደህና ነኝ። ይህን ከሰላምታው በፊት የጻፍኩት፣ ደብዳቤውን ጮክ ብለው ሲያነቡላት እማዬ "ደህና ናት ወይ?" እያለች እንዳታቋርጥዎት ነው። አልታመምኩም፣ አልከሳሁም። አሁን ረጋ ብላ ትስማ። እናንተስ እንዴት ናችሁ?

እዚህ ስደርስ ደብዳቤዎ ቀድሞኝ ጠበቀኝ። በአውሮፕላን የሚሄድ ወረቀት በመርከብ ከሚሄድ ሰው ይፈጥናል ለካ። ለጠየቁኝ ልመልስ። ባሕሩ አላመመኝም። ጭኮው ስዊዝ ሳንደርስ አለቀ፤ ከማዳጋስካር የተሳፈረች አንዲት መነኩሲት አንዴ ከቀመሰችው ወዲያ ከአጠገቤ አልጠፋ አለች። ሻንጣዬም አልተሰረቀም። እርስዎ ያሰሩትን ገመድ ለመፍታት እኔ ራሴ ቢላዋ ተውሻለሁ፤ ሌባ ከየት ይችለዋል?

በፈረንሳይኛው ግን ጉድ ሆኛለሁ። የካቶሊክ መነኮሳቱ ያስተማሩኝ እያለ፣ እርስዎ ከምድር ባቡር ያመጡት ይበልጣል ብዬ ነበር። የማድርበት ቤት ባለቤት ማዳም ሮሽ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። በሩን ከፍተውልኝ ጠባቧ ደረጃ ላይ ቆመው ሳለ፣ እኔ ሻንጣዬን እንደያዝኩ አንገቴን ዝቅ አድርጌ፣ እርስዎ "እባክዎ ያሳልፉኝ ማለት ነው" ያሉኝን ቃል ተናገርኩ። "ደጋዥ፣ ማዳም" አልኳቸው። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። አልሰሙኝም ብዬ ደገምኩላቸው። ለካ ቃሉ ውሻ የሚባረርበት ነው! ሁለት ቀን አኮረፉኝ። ከዚያ አባቴ አቃቂ ጣቢያ ሐዲድ የሚቀይሩ ሰው እንደሆኑና ቃሉን ከፈረንሳይ አለቆቻቸው እንደለመዱት ሳስረዳቸው ወንበር ይዘው ሳቁ። አሁን ወዳጆች ነን።

"አገሩ እንዴት ታየሽ?" ብለዋል። መጀመሪያ የታየኝ ሰላምታ አለመኖሩ ነው። ትራም ውስጥ ገብቼ ለሁሉም "ቦንዡር" ብል ቀና ያለው ቲኬት ቆራጩ ብቻ ነው። ዳቧቸው እንደ ዱላ ረጅም ነው፤ ሳይጠቀልሉት በብብታቸው ይዘውት ይሄዳሉ። በሩ ላይ በወርቅ ቀለም የተቀባ የፈረስ ራስ የተሰቀለበት ሱቅ አይቼ ኮርቻ የሚሸጥበት መስሎኝ ገባሁ። የፈረስ ሥጋ ቤት ነው! ሮጬ ወጣሁ። ይህን ለአጎቴ ለያደታ እንዳይነግሩት፤ ፈረሱን ከልጆቹ አስበልጦ እንደሚወድ ያውቃሉ።

የጨርቅ ማቅለሚያ ትምህርት ቤቱ ያለው ሐር ሠሪዎች በሚኖሩበት ኮረብታ ላይ ነው። እዚያ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ "ማድሟዜል ጉተማ" ነው የሚሉኝ። አስተማሪው "ጉተማ!" ሲል እርስዎ በር ላይ የቆሙ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ። በስምዎ እየተጠራሁ መስነፍ አልችልም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። የሄድኩ ዕለት አቶ ተሰማ ባቡሩን ራሳቸው እየነዱ እስከ ድሬዳዋ ወሰዱኝ። የእርስዎ ጓደኛ ናቸውና ደግ። ግን ሞጆም አዋሽም ላይ እየወረዱ "ልጄ በላሽ? ልጄ ጠጣሽ?" ይሉኛል። ልጃቸው ቀናው ደግሞ አብሮ አደጌ ሆኖ ሳለ አቃቂ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሰላም እንኳ ሳይለኝ ቀረ። ምን ሆነው ነው?

ልጅዎ ዳሲቱ

*

አቃቂ፣ ኅዳር 10 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳሲቱ

ጤና ለሰጠሽ አምላክ ምስጋና ይድረሰው። እኛም አለን። ናፍቆቱን እናትሽ ጠቅልላ ስለያዘችው ለኔ የተረፈኝ ጥቂት ነው።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ ሳነብላት "ደጋዥ" የሚለው ጋ ስደርስ በዘዴ ዘለልኩት። ምን ዋጋ አለው፣ ሳህሌ ቲኬት ሻጩ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አንብቦት ኖሯል። ጣቢያው በሙሉ ሰምቷል። አሁን መንገድ የፈለገ ሁሉ "ደጋዥ፣ አቶ ጉተማ" ይለኛል። እኔ ምን ላድርግ? አለቃዬ ሙሴ ሮቤር ስንት ዓመት እንደዚያ ሲለኝ እያሳለፍኩት ኖርኩ። እንዲያውም አንድ ገና ላይ ለሚስቱ በሩን እየከፈትኩ ብያታለሁ። ያን ዓመት የበዓል ስጦታ ለምን እንደቀረብኝ ገና አሁን ገባኝ።

ኋላ በላክሽው ፖስት ካርድ ለጠየቅሽኝ ደግሞ፤ አዎ፣ ላሚቱ ወልዳለች። የእናትሽ ጉልበት እንደ አየሩ ነው፤ አንድ ቀን ይሻለዋል አንድ ቀን ይብሰዋል። እኅትሽ አደሴ ድሬዳዋ ላይ በደህና ተገላግላለች፤ ሴት ናት። እናትሽ ሕፃኗን ለማየት ብትፈልግም ጉልበቷ ፉርጎ አያስወጣትም። ቁጭ ብላ የልጅ መታቀፊያ ትፈትላለች።

ስለ ተሰማ የጠየቅሽው፤ ሰው የጓደኛውን ልጅ ቢንከባከብ ምን ይገርማል? ቀናውም ዓይን አፋር ሆኖ ነው። አንቺ ልብሽን ትምህርትሽ ላይ አድርጊ። ዓመት ምን አላት? ሳታስቢው ሰኔ ይደርስና እዚሁ ጣቢያ ላይ እንቀበልሻለን።

እናትሽን "ሰላም በያት" ብላት "ስትመጣ እላታለሁ" አለችኝ። ዘንድሮ ጠባይዋ እንዲህ ነው።

አባትሽ ጉተማ ፈየራ

*

ሊዮን፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። የእነሱ ገና አልፏል፤ የእኛን ከነገ ወዲያ ብቻዬን አከብራለሁ። ማዳም ሮሽ "ገናን ሁለት ጊዜ ታከብሪያለሽ?" ብለው ቀንተውብኛል። መስከረም ላይ ዓመታቸው ከኛ በሰባት ይቀድም ነበር፤ ሰሞኑን ስምንት አደረሱት። እየሮጡ ነው። እኔም እየሮጥኩ ነው።

ስለ ብርዱ ልንገርዎ። ከተማው ሁለት ወንዝ አለው፤ አንዱ ረግቶ ልጆች ይንሸራተቱበታል። ማዳም ሮሽ የሟች ባላቸውን ካፖርት ሰጥተውኛል። ሰፊ ስለሆነ የክርስትና እናቴ ወይዘሮ አቻምየለሽም አብራኝ ብትገባበት ይበቃናል። እግሬ አልቆሰለም፣ ሳል የለብኝም፤ ለእማዬ እንደዚህ ብለው ያንብቡላት።

ባለፈው ደብዳቤ ያልጻፍኩት ነገር አለ። የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፈተና ላይ ከክፍሉ መጨረሻ ወጣሁ። አፍሬ ደበቅሁ። በሁለተኛው ላይ ከኋላዬ ጥቂት ሰዎች አግኝቻለሁ። በሦስተኛው መሐል እገባለሁ። ይህን ምኞት አድርገው አይቁጠሩብኝ፤ እገባለሁ። ሙሴ ፔራን የሚባለው አስተማሪያችን ገና መሰናዶ ዓመት ላይ ብንሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ማቅለሚያው ክፍል ይወስደናል። ቁራጭ ጨርቅ ይሰጠንና "ይህን ቀለም አምጡልኝ" ይለናል። እኛ ከድስቱ ውስጥ ጨርቅ እያወጣን መስኮት ላይ ከሱ ቁራጭ ጎን እናያለን፤ ይጠቁራል፣ ይነጣል፣ እንደገና። ባለፈው ቅዳሜ ቢጫውን አመጣሁት። ሙሴ ፔራን ሁለቱን ጨርቅ ገለባብጦ የራሱ የትኛው እንደሆነ ጠፋበት። እጄ እስከ ክርኔ ቢጫ ሆኖ ትራም ውስጥ ስገባ ሰው ሁሉ አየኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ አየኋቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። "ሰኔ ላይ እንቀበልሻለን" ብለው ጽፈዋል። አባባ፣ ሰኔ ላይ የሚያልቀው መሰናዶው ነው። ማቅለሙን የምማረው ከዚያ በኋላ ባለው ሦስት ዓመት ነው። ይህን ከመሄዴ በፊት ተቀምጠን አስረድቼዎት "ይሁን" ብለዋል። ደግሞ በዚህ አገር ሕግ ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። አባት "ፈቅጃለሁ" ብሎ የፈረመበት ወረቀት ሰኔ ሳያልቅ ካልደረሰ ትምህርት ቤቱ በሐምሌ መርከብ ይመልሰኛል። ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ።

አቶ ተሰማ ለምን "ልጄ" እንዳሉኝ መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ከእርስዎ እጅ ካላነበብኩት ግን አላምንም። ይጻፉልኝ። አይዝለሉት።

ልጅዎ ዳሲቱ

*

አቃቂ፣ ጥር 20 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳሲቱ

አይዝለሉት ብለሻል፤ አልዘልም።

ተሰማ ለቀናው አንቺን ብሎ ሽማግሌ የላከው ዓምና ነው። ሁለት ጊዜ መለስኳቸው። ሦስተኛ የመጡት አንቺ ልትሄጂ ስትይ፣ ለገሀር ወረቀት ልታስፈርሚ በወጣሽበት ቀን ነው። እናትሽ እስከዚያ ቀን ድረስ "ልጄ ባሕር አትሻገርም" ብላ ግግም ብላ ነበር። አደሴን ለድሬዳዋ ሰው ከዳርን ወዲህ ስንቴ እንዳየቻት ታውቂያለሽ። የተሰማ ቤት ግን ከአጥራችን ማዶ ነው። ቀናውን ካገባሽ በመስኮት ሆና ትጠራሻለች። ስለዚህ "አንድ ዓመት ትማርና መጥታ ትዳር፤ በዚህ ከሆነ ትሂድ" አለች። እኔም በሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ሰጠሁ። ቃሉን ባልሰጥ አንቺ ጅቡቲንም አታዪያትም ነበር። ያልነገርኩሽ ደግሞ "እንግዲያው አልሄድም" እንዳትዪ ነው። ታደርጊዋለሽ።

ተናደጂ። ልክ ነሽ። ልጄን አታልዬ ባቡር ላይ አሳፈርኩ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፌም ደህና አይደለም።

ግን ምን ላድርግ? ተሰማ ባቡሩን ይዞ ሲመጣ ሐዲዱን የምቀይርለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ብሳሳት ከነተሳፋሪው ይገለበጣል። እሱ ግን አቃቂ ሲደርስ ዓይኑን ወደ እኔ ሳያዞር ያልፋል፤ ስለሚያምነኝ። እንደዚህ ለሚያምነኝ ሰው "የነገርኩህ ውሸት ነበር" ልበለው?

ደግሞም ወጉን ታውቂያለሽ። በሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል የሚነሣው በሽማግሌ ፊት ነው። ሽማግሌ የሚልከው የሚፈልግ ሰው ነው። እኔ የልጅቱ አባት ነኝ፣ ሰጪ ነኝ፤ ምን ብዬ እልካለሁ? ስለዚህ ወረቀትሽን አልፈረምኩም። አልቀደድኩትምም። መሳቢያ ውስጥ ነው።

አባትሽ ጉተማ

*

ሊዮን፣ የካቲት 14 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለአቶ ጉተማ ፈየራ

ተናደጂ ባሉኝ መሠረት ተናድጃለሁ። የማዳም ሮሽን ሁለት ሳህን ሰብሬያለሁ፤ አንዱን ሳላስበው ነው። ስንት ቀን ብዕር አላነሣሁም። እኔ መርከብ ላይ ሆኜ "አባቴ እንደኔ አባት የለም" እያልኩ ለዚያች መነኩሲት ስነግራት፣ ለካ በውሰት ነበር የሄድኩት። ይህ ያማል አባባ። ከማልነግርዎ ብነግርዎ ይሻላል።

ከዚያ ደብዳቤዎን ደግሜ አነበብኩት። "ሽማግሌ የሚልከው የሚፈልግ ሰው ነው" ብለዋል። እኔ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ልኬያለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሦስት ሌሎች ደብዳቤዎች አቃቂ ይገባሉ። አንዱ ለወይዘሮ አቻምየለሽ፣ አንዱ ለአጎቴ ለያደታ፣ አንዱ ለአቶ ሳህሌ። ሦስቱ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጅዎ ላይ ይቆማሉ። የሚጠይቁዎትም ልጅዎን ዳሲቱን ለዳሲቱ እንዲሰጡልኝ ነው።

ጠያቂዋ ማን ናት ቢሉ፣ የጉተማ ፈየራ ልጅ ናት፤ ዘሯን ከኔ ይልቅ እርስዎ ይቆጥሩታል። ሥራዋ ማቅለም ነው፤ ጀማሪ ናት፣ ቢጫ ይሆንላታል፣ ሰማያዊ ገና ነው። አትጠጣም፤ ማዳም ሮሽ እራት ላይ የሚቀዱላትን ወይን ውኃ ታበዛበታለች። ጸሎቷን አልተወችም። አስቸጋሪነቷ ችኮነቷ ነው፤ ከማን እንደወረሰችው መስታወት ፊት ቆመው ይመልከቱ።

ለአቶ ተሰማ ለብቻቸው ጽፌያለሁ፤ ይቅርታም ጠይቄያለሁ፤ በበኩሌ ምንም ባላጠፋም። ቀናውን የጠላሁት እንዳይመስላቸው። አንገቱን እንደደፋ ሳስበው እሱን የጠየቀው ያለ አይመስለኝም፣ እኔንም የጠየቀኝ የለም፤ በዚህ እኩል ነን።

ሽማግሌዎቼን እንዳያንገላቱብኝ። አጎቴ ያደታ ቆሞ መቆየት አይችልም።

አክባሪዎ ዳሲቱ ጉተማ

*

አቃቂ፣ መጋቢት 10 ቀን 1955 ዓ.ም.

አንቺ ልጅ! ሰላምታው ለሌላ ጊዜ ይቆይሽ።

ከትናንት ወዲያ እሑድ ሦስቱ መጡ። "ግቡ፣ ተቀመጡ" አልኳቸው።

"የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አለች አቻምየለሽ። በዕድሜዬ ሴት ሽማግሌ አይቼ አላውቅም፤ እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ነው የቆመችው። ያደታ ከኋላዋ ጫማውን ያያል። ሳህሌ ሳቁን ለመዋጥ ያስላል።

"ልጅ ፈልገን መጣን" አለች።

"ልጄ ተይዛለች።"

"መያዟን ሰምተናል። ቢሆንም እንጠይቃለን።"

"ለማን ነው የምትጠይቁት?"

"ለራሷ!"

ጓዳ ውስጥ ክዳን ወደቀ። እናትሽ ናት። እኔ መሳቅም መቆጣትም አቃተኝ። በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ወግ አይደለም፤ ወጉም ባይኖር እሺ ማለት አልችልም። "መጀመሪያ ቃሌን የያዘው ሰው ዘንድ ሂዱ" ብዬ ሸኘኋቸው። የዚያኑ ዕለት ተሰማ ዘንድ ሄዱ። ተሰማ አስቀምጦ አብልቶ አጠጥቶ ሲያበቃ፣ "ቃሉን የሰጠኝ ጉተማ ነው። መውሰድ ከፈለገ እግር አለው፤ ቤቴንም ያውቀዋል" አላቸው።

በማግስቱ ባቡሩን ይዞ ሲያልፍ ጥሩምባ አልነፋልኝም። ወጣት ሆነን ከተዋወቅን ጀምሮ ሳይነፋልኝ አልፎ አያውቅም። ሐዲዱን ቀይሬለት እንደ ምሰሶ ቆሜ ቀረሁ።

እናትሽም "ያንተ ልጅ ብቻ መሰለችህ?" ብላኝ ከዚያ ወዲህ የምታናግረኝ በላሚቱ በኩል ነው። "ላሚቱ ውኃ አልጠጣችም" ስትል እኔ ነኝ ውኃ የማመጣው።

ለሽማግሌዎችሽ ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ላለው እሑድ ቀጠሮ ሰጥቻለሁ። ተሰማ ቤት እስካሁን አልሄድኩም። ትናንትም ዛሬም እስከ አጥሩ ሄጄ ተመለስኩ። እሄዳለሁ ግን። ከእናትሽ ጋር ያለውን ነገር እኔ አልችለውም። አንቺው ተናገሪ።

አባትሽ

*

ሊዮን፣ መጋቢት 28 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ

ደብዳቤዎን ሳነብ ስለ ላሚቱ ስቄ፣ ስለ ጥሩምባው አለቀስኩ። አጥሩን ይለፉ። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት አቶ ተሰማ እንጂ ሌላ ሰው አይደሉም።

ሦስተኛውን ፈተና ተፈትኛለሁ። መሐል ገብቻለሁ።

ከዚህ በታች ያለው ለእማዬ ነው። እንዳለ ያንብቡላት፤ የሚያስቆጣትንም አይዝለሉ።

እማዬ፤

"ስትመጣ እላታለሁ" ያልሽኝን ሰላምታ እየጠበቅሁ ነው። እኔ ግን እስክመጣ አልጠብቅም፤ ትናፍቂኛለሽ። እዚህ አገር ሰው ሲያስነጥሰው "ይማርሽ" የምትል እናት የለውም። ማዳም ሮሽን አስተምሬያቸው አሁን እሳቸው ይሉኛል፤ አፋቸው ላይ ግን አያምርም።

ለምን ቀናውን እንደፈለግሽልኝ አባባ ጽፈውልኛል። አጥርሽ ማዶ እንድሆንልሽ ነው። እኔም እንዳንቺ አጥርሽ ማዶ መሆን እፈልጋለሁ። ግን አስቢው እማዬ። የምድር ባቡር ሰው የሚኖርበትን ራሱ ይመርጣል ወይ? አንቺ ሞጆ ጎጆ አቅንተሽ ሳትጨርሺ አዋሽ ተባልሽ። አዋሽ ሙቀቱን ለመድኩት ስትዪ ድሬዳዋ ተባልሽ። አልጋሽን በጭነት ፉርጎ ላይ ጭነሽ ስትዞሪ አይደለም ወይ ልጅነትሽ ያለቀው? አደሴን የወለድሽው ዘመድ በሌለበት እንደሆነ እየነገርሽ ነው ያሳደግሽን። ቀናው አንድ ቀን ጅቡቲ ቢታዘዝ ይዞኝ ይሄዳል። ያን ጊዜ በመስኮት ማንን ትጠሪያለሽ?

የኔ ሥራ ግን አቃቂ ነው ያለው። የጨርቅ ፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ አልጋሽ ላይ ሆነሽ ትሰሚዋለሽ። እኔ የማቅለም ሙያ ይዤ ብመጣ ማንም ባቡር ላይ ጭኖ ወደ ሌላ ጣቢያ አይወስደኝም። በእርግጥ ሴት ልጅን እዚያ ሥራ ላይ ያስገቡ እንደሆነ አላውቅም። እነሱንም ደጃቸው ላይ ቆሜ እጠይቃቸዋለሁ፤ መጠየቅ ለምጃለሁ።

አላገባም አላልኩሽም። ሰው ሲጠይቀኝ ግን እኔ ቤት ውስጥ ልሁን፤ ሲጠየቅ ልስማ። ይህን ያህል ብቻ ነው የምለው። ሦስት ዓመት ስጪኝ። ፈርቼ እንደሆነ ብትጠይቂኝ፣ አዎ፣ እፈራለሁ። ወረቀቱ ካልመጣ በሐምሌ መርከብ አቃቂ እደርሳለሁ፤ ቀለሙን ሳልጨርስ፣ ግማሽ ሰው ሆኜ። እንደዚያ ሆኜ አጥርሽ ማዶ ብቀመጥ አያስደስትሽም። አውቅሻለሁ።

ልጅሽ ዳሲቱ

*

አቃቂ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳሲቱ

እንኳን ለትንሣኤው በደህና አደረሰሽ። ፋሲካችን ዘንድሮ ከነሱ ጋር በአንድ ቀን በመዋሉ ብቻሽን ባለመፈሰክሽ ደስ ብሎናል። በቴሌግራም "ምን ሆነ?" ብለሽ የጠየቅሽው ደርሶኛል። በቴሌግራም የሚመለስ ነገር ስላልሆነ ነው ዝም ያልኩት።

የእናትሽን ደብዳቤ እንዳለ አነበብኩላት። ስለ ሞጆና ስለ አዋሽ ያልሽው ጋ ስደርስ "እንደገና በለው" አለችኝ። ደገምኩት። ተነሥታ ወጣች። ማታ ግን "እራት ቀርቧል" ያለችው ለኔ ነው፣ ለላሚቱ አይደለም።

በፋሲካ ማግስት አጥሩን አለፍኩ። ተሰማ ደጁ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል። ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ይሸከማልና፣ "ድንጋይ ይዤ ልምጣ ወይስ ባዶ እጄን?" አልኩት።

"ወገብህን አውቀዋለሁ፤ ድንጋዩን ተወው" አለኝ። ከዚያ ጫማውን አስቀመጠ። "ጉተማ፣ እኔ የተናደድኩት ልጅቷ ስላልመጣችልኝ መሰለህ? እሷ የምታውቅ መስሎኝ እስከ ድሬዳዋ ድረስ ልጄ ልጄ ስላት ዋልኩ። ሳትነግራት ቃል ሰጥተህ አንተ አሳፈርከኝ።"

ልጄ፣ እውነቱን ነው። "አጥፍቻለሁ" አልኩት። "ቃልህን መልሼልሃለሁ" አለኝ። ቀናው በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ከትከሻው ላይ ሸክም እንደወረደለት ሰው ነው የተነፈሰው። እሱም ለካ ያልተጠየቀ ነው። ተሰማ ጥሩምባውን ገና አልነፋልኝም። ይነፋልኛል፤ ጊዜ ስጪው።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎችሽ መጡ፤ ቆሙ። አቻምየለሽ እንደገና "ልጅ ፈልገን መጣን" አለች። እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ።

"ዋስ አላችሁ?" አልኩ። ወጉ ነው፤ ለጠያቂው የሚቆምለት ሰው ያስፈልጋል።

እርስ በርስ ተያዩ። ዋሱን ማንም አላሰበውም። አቻምየለሽ "እኔ ልሁን" ስትል ሳህሌ "ሽማግሌ ዋስ አይሆንም" አላት። ያደታ ጉልበቱን ማሸት ጀመረ።

ተነሣሁ። አስቤ አይደለም፤ እግሬ ነው የተነሣው። ሄጄ ከያደታ ጎን ቆምኩና "ዋሷ እኔ ነኝ" አልኩ።

አሁን አራታችንም ቆመን የምንለምነው ባዶ ወንበር ሆነ። ሳህሌ "እና ማን ሊመልስልን ነው?" አለ።

እናትሽ ከጓዳ ወጣች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ማንንም ሳታይ አልፋን ሄዳ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ከተጋባን ጀምሮ እዚያ ላይ ተቀምጣ አላየኋትም። አንድ በአንድ አየችን፤ እኔ ጋ ስትደርስ ቆየች።

"ለማን ነው የምትጠይቁት?" አለች።

"ለራሷ" አልን።

"ራሷ ታውቃለች?"

እኔ መሬት መሬት አየሁ። "ታውቃለች ጠጄ" አለቻት አቻምየለሽ። "የላከችን እሷ ናት።"

"እንግዲያው ሰጥቻለሁ" አለች እናትሽ። "ተቀመጡ።"

ያደታ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ እኔ ደግሞ የሚይዘው ሰው ሆኜ ከማልቀስ አመለጥኩ፤ ባይሆን ኖሮ ጉዴ ነበር።

ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ፈረምኩ። እናትሽ አጠገቤ ቆማ ታያለች። "የኔስ የት ነው?" አለችኝ። ለአባት እንጂ ለእናት የተተወ ቦታ እንደሌለው ነገርኳት። "ሰጪዋ እኔ አይደለሁም ወይ?" አለች። ሳህሌ ከጣቢያው የማኅተም ቀለም አመጣላት። አውራ ጣቷን ነከረችና፣ እኔ "እታች" ስላት፣ ከስሜ በላይ፣ የትምህርት ቤቱ ስም በትልቁ ከተጻፈበት ላይ አተመችው። ሰፊ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ግማሹን ጽሑፍ ይሸፍናል። ፈረንሳዮቹ ወረቀቱ ተበላሽቷል ካሉሽ እንዳትለውጪው። "ይህች እናቴ ናት" በያቸው።

አባትሽና ዋስሽ
ጉተማ ፈየራ